የአባቴ ዓይን ተፍቆ «ፈንገስ አልታየም» ተባለ፤ እንመነው?

ጥያቄ፦ «አባቴ 58 ዓመታቸው ነው፤ ገበሬ ናቸው። ከአንድ ወር በፊት ገብስ ሲወቁ ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ እብቅ ገባ። እዚያው ካለ ፋርማሲ አንቲባዮቲክና ዴክሳሜታዞን አንድ ላይ ያለበት ጠብታ ተሰጣቸው። መጀመሪያ መቅላቱ ቀነስ ብሎ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር ወጣ፣ ሕመሙም ባሰ። ጤና ጣቢያ ቲቲሲ ቅባት ጨመሩላቸው። በመጨረሻ ከተማ ስናመጣቸው የዓይን ሐኪሙ ፈንገስ ጠርጥሮ ዓይናቸውን ፍቆ ናሙና ወሰደ። በዚያው ቀን በማይክሮስኮፕ ‹ፈንገስ አልታየም› ተባለ። በ2ኛው ቀን ደግሞ ካልቸሩ ‹ምንም አላደገም› የሚል ወረቀት መጣ። ሐኪሙ ግን ድጋሚ መፋቅ አለበት ይላል። አባቴ ፈርተዋል። ዓይንን ደጋግሞ መፋቅ አይጎዳም? ፈንገሱን በደም ምርመራ ማወቅ አይቻልም? ካልሆነስ ከዓይናቸው የሚወጣውን ፈሳሽ በጥጥ ወስዶ መመርመር አይበቃም?»

ምላሽ፦ ሐኪሙ ልክ ነው። ዛሬ ነገ ሳይባል ናሙናው እንደገና ይወሰድ።

በእጃችሁ ያሉት ሁለት ወረቀቶች አባትዎ ፈንገስ የለባቸውም አይሉም። የመጀመሪያው የሚለው ስላይዱ ላይ ባረፈችው ቁራጭ ውስጥ ፈንገስ አልታየም ነው። ያቺ ቁራጭ ደግሞ በባዶ ዓይን በቅጡ የማትታይ ናት። ሁለተኛው የካልቸሩ ነው፤ ካልቸር ማለት ናሙናው ምግብ ላይ ተዘርቶ እንዲበቅል የሚጠበቅበት ምርመራ ነው። እሱም የሚለው በ2 ቀን ውስጥ ምንም አልበቀለም ነው። ለፈንገስ 2 ቀን ገና መጀመሪያው ነው። በዚህ ምርመራ «ታየ» የሚለው ውጤት ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ «አልታየም» የሚለው ግን ደካማ ነው። ብዙ ቤተሰብ ሁለቱን እኩል ይመዝናቸዋል፤ አንዳንዴ ጤና ባለሙያውም እንደዚያ ያደርጋል። ስንት ዓይን የጠፋው በዚህች ስህተት ነው።

የአባትዎ ታሪክ ራሱ ወደ ፈንገስ ይጠቁማል። እብቅ ላይ፣ ገለባ ላይ፣ አፈር ውስጥ፣ የደረቀ አገዳ ላይ ፉዛሪየምና አስፐርጂለስ የሚባሉ ፈንገሶች ሞልተዋል። ጤነኛ ዓይን ላይ ቢያርፉ ብዙ ጊዜ ምንም አያደርጉም። እንባ ያጥባቸዋል፣ የኮርኒያው የላይኛው ሽፋንም አያሳልፋቸውም። ኮርኒያ ማለት ከዓይን ጥቁሩ ክፍል ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ አካል ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ገለባ ሽፋኑን ሲጭረው ፈንገሱ መግቢያ ያገኛል። ከገባ በኋላ እንደ ሰርዶ ሥር ነው የሚሄደው። ላይ የምናየው ነጭ ነገር ትንሽ ሆኖ ሳለ ክሮቹ ወደ ጎንም ወደ ታችም እየተዘረጉ ይገባሉ። ላይ ላዩን ብቻ የፋቀ ሰው ክሮቹን ሊስታቸው የሚችለው ለዚህ ነው።

ዴክሳሜታዞኑ መቅላቱን የቀነሰው ፈንገሱን ስለገደለ አይደለም። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው፤ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። መከላከያው ሲደክም መቅላቱና እብጠቱ ይቀንሳል፣ ፈንገሱ ግን ያለ ከልካይ ይስፋፋል። «መጀመሪያ ተሻለኝ፣ ከዚያ ባሰብኝ» የሚለውን ታሪክ የዓይን ሐኪሞች ደጋግመው ይሰማሉ። ቲቲሲም ቢሆን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ፈንገስን አይነካም። ይህን የምለው ጤና ጣቢያውን ለመውቀስ አይደለም። በትራኮማ ምክንያት ቲቲሲ በአገራችን በየቤቱ የገባ መድኃኒት ስለሆነ ለማንኛውም የዓይን ሕመም መጀመሪያ እጅ የሚገባው እሱ ነው።

ወደ ጥያቄዎችዎ ልምጣ። ከደሙ እንጀምር።

በደም ምርመራ አይታወቅም። ጤነኛ ኮርኒያ ጨርሶ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከእንባና ከውስጥ ካለው የዓይን ውኃ ነው። እዚያ የተቀመጠ ፈንገስ ከክንድ በተቀዳ ደም ውስጥ አሻራው አይገኝም። ትኩሳት በመጣ ቁጥር ታይፎይድና ታይፈስ በደም መታየትን ስለለመድን ሁሉም በሽታ ደም ውስጥ የሚገኝ ይመስለናል። ቤታ ግሉካንና ጋላክቶማናን የሚባሉ የፈንገስ ርዝራዥ የሚፈልጉ የደም ምርመራዎች አሉ። የተሠሩት ግን ለሳንባና በሰውነት ለተሰራጨ ፈንገስ ነው፤ ለኮርኒያ ቁስል አይጠቅሙም። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ በደም ተጉዞ የዓይን ውስጠኛ ክፍል ሲገባ ግን ነገሩ ይለያል። ያ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው በደም ሥር መስመር የሚታከሙ ወይም መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎች ላይ የሚታይ ሌላ በሽታ ነው። ያኔ የደም ካልቸርም፣ ከዓይን ውስጥ የሚቀዳ ፈሳሽም ይመረመራል። የአባትዎ ነገር እሱ አይደለም። ከደማቸው መታየት ያለበት ስኳር ነው። ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ በዚህ ዕድሜ ሳይታወቅ የቆየ ስኳር ደግሞ ብርቅ አይደለም።

በጥጥ የሚወሰደው ፈሳሽም አይበቃም። ዓይናር ውስጥ በብዛት ያለው ንፍጥ፣ የሞተ ሴልና ዓይን ቆብ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ፈንገሱ ያለው ቁስሉ ውስጥ ነው። ጥጥ ቁስሉን ቢነካው እንኳ የሚያነሳው ጥቂት ነው፤ ያነሳውንም ክሩ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ከዓይናር ካልቸር «ስታፊሎኮከስ አደገ» የሚል ወረቀት ቢመጣላችሁ አትደሰቱ። ያ ባክቴሪያ በጤነኛ ሰው ዓይን ቆብ ላይም ሊገኝ ይችላል። ሐኪሙን ወደ ባክቴሪያ መድኃኒት መልሶ ሌላ ሳምንት ሊያቃጥልባችሁ ይችላል።

አሁን ዋናው ፍርሃት፤ መፋቁ። ቃሉ ያስደነግጣል፣ ሥራው ግን በደቂቃዎች ያልቃል። ማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል። ታካሚው ስሊት ላምፕ በሚባለው መሣሪያ ላይ አገጩን አስደግፎ ይቀመጣል፤ ሐኪሙም ቁስሉን አጉልቶ እያየ ይሠራል። መጀመሪያ ከቁስሉ ላይ ንፍጡና የላላው ቆሻሻ ይነሳል። ከዚያ ኪሙራ ስፓቹላ በሚባል ቀጭን መፋቂያ፣ በትንሽ ብሌድ ወይም ጫፉ በታጠፈ መርፌ የቁስሉ ጠርዝና ወለል ይፋቃል። ጠርዙ የግድ ነው፤ ፈንገሱ እየተስፋፋ ያለው በዚያ በኩል ነውና። ታካሚው የሚሰማው መነካቱን ነው እንጂ ስለት አይደለም። ማደንዘዣው ሲለቅ ለጥቂት ሰዓት ይቆጠቁጣል።

ይጎዳል ወይ ላሉት፣ በሠለጠነ እጅ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ጥቅምም አለው። የሞተው ሥጋ ሲነሳ የፈንገሱ ብዛት ይቀንሳል፣ የሚደረገው ጠብታም የተሻለ ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ ሐኪሞች በሕክምናው መሀልም ቁስሉን ደግመው የሚፍቁበት ጊዜ አለ። መፋቅ የማይደፈረው ኮርኒያው በጣም ሳስቶ ሊበሳ ሲቃረብ ነው። ያን ደግሞ ሐኪሙ በስሊት ላምፑ ያየዋል፤ እንደዚያ ከሆነ ራሱ አይነካውም።

የተፋቀው ናሙና ወዴት እንደሚሄድ ቤተሰብ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ከፊሉ ስላይድ ላይ፣ ከፊሉ ካልቸር ላይ ይቀመጣል። ለፈንገስ በተዘጋጀው ስላይድ ላይ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ይደረግበታል፤ በላብራቶሪ አነጋገር ኬኦኤች ነው። ኬኦኤች የሰውን ሴል ያሟሟል። የፈንገሱ ግድግዳ ጠንካራ ስለሆነ ይቀራል። ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ የማይክሮስኮፑ ብርሃን ዝቅ ተደርጎ ይታያል። የሚፈለገው ግድግዳው በሁለቱም ጎን እኩል የሚሄድ፣ ቅርንጫፍ የሚያወጣ፣ በየመሀሉ የተከፋፈለ ክር ነው። ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር መቶኛ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ የሚያየው ሰው ዓይን ወሳኝ ነው። የጥጥ ክር ፈንገስ ይመስላል። ተጣጥፈው የተደራረቡ ሴሎች ጠርዝም ክር ይመስላል። በተቃራኒው ብርሃኑን በደንብ ያልቀነሰ ሰው ፊቱ ያለውን ፈንገስ ሳያየው ያልፋል። ስላይዱ ከደረቀ ደግሞ ኬኦኤቹ ራሱ ጨው ሆኖ ይረጋና ሁሉን ያበላሸዋል። በዚህ ምክንያት የኬኦኤች ምርመራ ብቃት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ብዙ የዓይን ፈንገስ በሚታይባቸው የህንድ ሆስፒታሎች ከተሠሩ ጥናቶች አንዳንዶቹ ከ100 ሕሙማን ከ90 በላይ የሚሆኑትን አግኝቷል ይላሉ። 60 አካባቢ ብቻ ያገኙ ጥናቶችም አሉ። የእኛ የላብራቶሪ ባለሙያ በቀን የሚያየው አብዛኛው ሰገራ፣ ሽንትና የወባ ስላይድ ነው፤ የኮርኒያ ስላይድ አልፎ አልፎ ቢመጣለት ነው። ስለዚህ ስላይዱን የዓይን ሐኪሙም አብሮት ቢያየው፣ ካለ ደግሞ ካልኮፍሎር ዋይት የሚባለው ቀለም ቢጨመርበት እመርጣለሁ። ካልኮፍሎር የፈንገሱን ግድግዳ ይይዝና በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ክሩን ያበራዋል። ማይክሮስኮፑ በየቦታው አይገኝም። ሌላው ስላይድ ግራም ስቴይን ይደረግለታል። እሱ ባክቴሪያውን ለማየት ነው፤ ፈንገስና ባክቴሪያ አንድ ላይ የሚገኙበት ቁስል አለና።

ካልቸሩ ላይ የምለው ብዙ ነው፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚያ ነው።

አብዛኛው የኮርኒያ ፈንገስ ከ2 ወይም 3 ቀን ጀምሮ እስከ ሳምንት ድረስ ይበቅላል። የሚዘገይ ስላለ ፕሌቱ፣ ማለትም ናሙናው የተዘራበት ሳህን፣ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ቢቻል 3 ሳምንት ሳይጣል መቆየት አለበት። በ48 ሰዓት «አላደገም» የሚል ሪፖርት የባክቴሪያ ካልቸር ሪፖርት ነው። ወረቀቱ ላይ የቀረበው ጥያቄ «ካልቸር» ብቻ ከሆነ ላብራቶሪው የባክቴሪያውን ሠርቶ ፕሌቱን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በመጠየቂያው ላይ «የፈንገስ ካልቸር፣ ከኮርኒያ» ተብሎ ይጻፍ። ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምታደርጉት ላብራቶሪው ሄዳችሁ የመጀመሪያው ፕሌት ገና እንዳለ መጠየቅ ነው። ካለ እንዳይጣል ለምኑ።

ፈንገስ የሚዘራበት ዋናው ምግብ ሳቦሮ ዴክስትሮዝ አጋር ይባላል። ነገር ግን ሳቦሮ ሁሉ አንድ አይደለም። ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ የሚዘጋጀው ብዙ ጊዜ ሳይክሎሄክሲማይድ የሚባል ኬሚካል አለበት፤ ዓላማው ከአየርና ከአፈር የሚመጣውን ፈንገስ ማገድ ነው። ዓይን የሚያቆስለው ግን ራሱ ያ ከአፈር የመጣው ፈንገስ ነው! ፉዛሪየምንና አስፐርጂለስን እዚያ ላይ የዘራ ላብራቶሪ እንዳይበቅሉ አድርጎ «አልበቀለም» ይላል። ለዓይን የሚያስፈልገው ሳይክሎሄክሲማይድ የሌለበት፣ ባክቴሪያን የሚያግድ ክሎራምፊኒኮል ወይም ጄንታማይሲን ያለበት ሳቦሮ ነው። ሳቦሮ ከጠፋ ተስፋ አይቆረጥም። ብለድ አጋር የሚባለው ደም ያለበት ምግብ ላይም አብዛኞቹ ይበቅላሉ፤ ፕሌቱ እንዳይደርቅ ተጠብቆ ከቆየ።

ሙቀቱም አለ። ባክቴሪያ የሚቀመጠው ኢንኩቤተር በሚባለው ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ በ37 ዲግሪ ነው። የዓይን ፈንገሶች የሚስማማቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። አንድ ኢንኩቤተር ብቻ ያለው ላብራቶሪ ሁሉን እዚያው ይከትታል፤ ይህ እድገታቸውን ሊያዘገይ ይችላል። በቆላ ከተማ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡት ይሻላል። ደጋ ላይ ግን ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጠረጴዛውም አስተማማኝ አይደለም።

አዘራሩንም ልናገር። ሐኪሙ ናሙናውን እዚያው ታካሚው አጠገብ ሆኖ በቀጥታ ፕሌቱ ላይ፣ የላቲኑን «ሲ» ፊደል ቅርጽ ደጋግሞ እየሣለ ይዘራዋል። ምክንያት አለው። በኋላ ፈንገስ በመስመሩ ላይ ከበቀለ ከዓይኑ የመጣ ነው። ከመስመሩ ውጭ ከበቀለ ግን ከአየር የወደቀ ሊሆን ይችላል። ናሙናውን በጥጥ ጠቅልሎ በኪስ ላብራቶሪ መላክ ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። ፉዛሪየም ሲበቅል ነጭ የጥጥ መሳይ ሆኖ ይነሳል፤ ሲቆይ ወደ ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ የሚሄድ ዓይነት አለው። አስፐርጂለስ ፍላቨስ ቢጫ አረንጓዴ ነው። እነዚህን አይቶ የላብራቶሪው ሰው ስም ይሰጣል። ስሙ ለመድኃኒት ምርጫም፣ ምን ያህል ክፉ ቁስል እንደሚጠበቅ ለማወቅም ይረዳል።

ከዚያ በፊት ግን የሚደረጉት ጠብታዎች ጉዳይ አለ። መድኃኒት የጠገበ ዓይን ናሙናው ብዙ ጊዜ ባዶ ይወጣል። አባትዎ ሲፋቁ ለሳምንታት ጠብታና ቅባት ላይ ነበሩ። ቁስሉ በፍጥነት እየባሰ ካልሆነ ሐኪሙ ሁሉንም ጠብታ ለ24 ሰዓት አስቁሞ ደግሞ ሊፍቅ ይችላል። ይህን የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። ጠብታ ቤት ውስጥ በራሳችሁ አቋርጣችሁ አትጠብቁ። አንዱ ብቻ ከዚህ ይለያል፤ ፋርማሲው የሰጠው ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ። የዓይን ሐኪሙ አውቆ ቀጥሉበት ካላለ ዛሬውኑ ይቁም፤ ብልቃጡንም ይዛችሁለት ሂዱ። ሲቆም ዓይናቸው ለጥቂት ቀን ይበልጥ ሊቀላ፣ ይበልጥ ሊያማቸው ይችላል። ተደብቆ የቆየው እብጠት ነው የሚወጣው፤ ያን አይታችሁ ወደ ጠብታው እንዳትመለሱ።

«ሐኪሙ አይቶት ፈንገስ ይመስላል ካለ ምርመራው ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉም አሉ። ፈንገስ የራሱ ምልክቶች አሉት። ጠርዙ የላባ ጫፍ የሚመስል፣ ደረቅና ከፍ ያለ፣ ከዋናው ቁስል ጎን ትናንሽ ነጠብጣቦች ያሉት ቁስል ያስጠረጥራል። ግን ዓይን ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት የኮርኒያ ስፔሻሊስቶች ፎቶ እያዩ ባክቴሪያውን ከፈንገሱ እንዲለዩ ተጠይቀው በትክክል የለዩት 66 በመቶውን ነው። እነዚህ ሥራቸው ይህ የሆነ ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ አካንታሜባ የሚባል ጥቃቅን ጥገኛና የሄርፒስ ቫይረስም ፈንገስ የሚመስል ቁስል ያወጣሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። አካንታሜባ በኬኦኤች ስላይድ ላይ ሊታይ ስለሚችል ድጋሚ ሲፋቅ እሱም ይፈለግ። ይህ ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ የከተማ ልጆችንም ይመለከታል። ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ሲታመም ሌንሱን፣ ማስቀመጫውንና ፈሳሹን ይዞ ይምጣ፤ ከእነሱም ካልቸር ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በሲንጋፖር፣ በሆንግ ኮንግና በአሜሪካ የፉዛሪየም ወረርሽኝ የተነሳው ከአንድ የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ ጋር ተያይዞ ነበር።

ድጋሚ ተፍቆም ባዶ ቢሆን ምን ይደረጋል? ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ባዮፕሲ ይወሰዳል፤ ማለትም ከኮርኒያው ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ግማሹ ለካልቸር፣ ግማሹ ሥጋው ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት የፓቶሎጂ ክፍል ይሄዳል። ፓቶሎጂው በፒኤኤስና በብር ቀለም የፈንገሱን ክር ሥጋው ውስጥ ያሳያል። ፒሲአር የፈንገሱን ዘረ መል የሚፈልግ ምርመራ ነው፤ በሰዓታት ይደርሳል፣ ከትንሽ ናሙናም ያገኛል። ጉድለቱ ከአየር የገባ ወይም የሞተ ፈንገስንም መያዙ ነው፤ በአገራችንም ለዓይን ቁስል የዕለት ተዕለት ምርመራ አልሆነም። ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ደግሞ ሳይፍቅ ኮርኒያው ውስጥ ያለውን ክር በቀጥታ ያሳያል። ዋጋው ከባድ ነው፣ እንደ እርሾ ያለውን የካንዲዳ ዓይነትም በደንብ አይለይም። አቅም ያለው ሰው ውጭ አገር ሄዶ ይህን ሁሉ ሊያገኝ ይችላል። እኔ ግን በደንብ የተፋቀ ናሙና፣ በትዕግሥት የታየ ስላይድና 2 ሳምንት የቆየ ፕሌት ለአባትዎ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። የትኛው መድኃኒት ፈንገሱን እንደሚበግረው የሚያሳይ ምርመራ ይሠራ የሚላችሁም ይኖራል። መጀመሪያ ላይ አይጠቅምም። መለኪያዎቹ የተሠሩት ደም ውስጥ ለሚደርስ የመድኃኒት መጠን ነው እንጂ በየሰዓቱ ዓይን ላይ ለሚደረግ ጠብታ አይደለም።

ሌላው የግድ ማስጠንቀቂያ፤ ካልቸሩ እስኪወጣ ሕክምና አይቆይም። ናሙናው በተወሰደ በዚያው ሰዓት የፈንገስ ጠብታ ይጀመር። እንደ ፉዛሪየም ላለ ክር ለሚያወጣ ፈንገስ የመጀመሪያ ምርጫው 5 በመቶ ናታማይሲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው በህንድ በ323 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራ ናታማይሲንን ከቮሪኮናዞል ጠብታ ጋር አወዳድሮ ናታማይሲኑ የተሻለ መሆኑን አሳይቷል፤ በተለይ በፉዛሪየም ላይ። በዓለም ጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2017 ገብቷል። ችግሩ በየፋርማሲው አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ማፈላለግ ጀምሩ። ከተገኘ ብልቃጡ ሁልጊዜ ይናወጥ፤ መድኃኒቱ ከሥር ይዘቅጣል። መጀመሪያ ላይ በየሰዓቱ ነው የሚደረገው፣ ሕክምናውም ሳምንታት ይወስዳል። ካልተገኘ ሐኪሙ አምፎቴሪሲን ቢ ወይም ሌላ ጠብታ በፋርማሲ ባለሙያ አስበጥብጦ ሊሰጥ ይችላል። የመርፌ መድኃኒት ገዝቶ ቤት ውስጥ በጥብጦ ዓይን ላይ መጨመር ግን አይሞከር። የባህል መድኃኒት፣ የቅጠል ጭማቂም እንደዚሁ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ነገ ጠዋት አባትዎን ይዛችሁ ወደዚያው ሐኪም ሂዱ። የመጀመሪያው ፕሌት ይጠበቅ። ዴክሳሜታዞኑ ይቁም። ቁስሉ ድጋሚ ከጠርዙና ከወለሉ ይፋቅ፤ ኬኦኤች፣ ግራምና የፈንገስ ካልቸር ይሠራለት፤ በዚያው ቀን ናታማይሲን ይጀመር። ሆስፒታሉ ይህን መሥራት ካልቻለ ሪፈር ይጻፍላችሁ። የምኒልክ ሆስፒታል፣ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የዓይን ክፍሎች ከትልልቆቹ ናቸው። ለሐኪሙ የአባትዎን የዓይን ቆብ ፀጉርም እንዲያይ ንገሩት። ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ኮርኒያውን የሚፍቅ ፀጉር ካለ እሱ ሳይነሳ ቁስሉ አይድንም።

በዚህ መሀል ከዓይናቸው ድንገት ሞቅ ያለ ውኃ ከፈሰሰ፣ ከጥቁሩ ሥር ነጭ መግል ከፍ ካለ፣ ወይም ሲያማቸው የነበረው ዓይን ማየቱ እየቀነሰ ሕመሙ ድንገት ከተለወጠ ቀጠሮ አትጠብቁ። ዓይኑን ሳትጫኑ፣ በጨርቅ ሳታጥብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ውሰዷቸው። ኮርኒያው ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ የቀረው አማራጭ የተጎዳውን ኮርኒያ አንስቶ በተለገሰ ኮርኒያ መተካት ሊሆን ይችላል፤ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከተቋቋመ ወዲህ ይህ በአገር ውስጥ ይሠራል። እዚያ ከተደረሰ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይህን ጠይቁ፦ የሚነሳው ኮርኒያ እንዳይጣል፣ ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ እንዳይገባ። ፎርማሊን ፈንገሱን ስለሚገድለው ካልቸር አይሆንም። ግማሹ በንጹሕ ዕቃ ያለ ፎርማሊን ለካልቸር፣ ግማሹ በፎርማሊን ለፓቶሎጂ ይላክ።